የተገዘተው ኮሽም

ባለፈው ጥቅምት እንጅባራ መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ አንዲት ልጅ ፖም በሳፋ ይዛ መጣችና ፊቴ ቁጭ አለች። እዚሁ አገር የበቀለ ነው አለችኝ። አላመንኋትም። እኛ ከተማውን ቆሰበር እያልን በምንጠራበት ዘመን ፖም በመጽሐፍ ሥዕል ካልሆነ በቀር የት ይታያል! ልጅቱ ግን ዋዛ አይደለችም፤ «እማማ፣ ይቅመሱና ይፍረዱ» ብላ አንዱን በቢላዋ ከፈለችልኝ። ገና ጥሬ ነበር። ያ ጎምዛዛ ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ጥርሴ ከመደንዘዙ በፊት ልቤ ድንግጥ አለ፤ እጄም ሳላውቀው ሆዴን ያዘ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው መሀል ቆሜ፣ የኮሽሙ ፍርሃት መጣብኝ ብል ማን ያምነኛል?

የኮሽሙ ነገር በሆነበት ዓመት ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። እኔ የልብስ ሰፊው ልጅ ነኝ፤ ከተሜ ነኝ ባይ፣ አገውኛ አንዲት ቃል የማልሰማ። ሁለተኛዋ አንጓች ናት፤ አጎቷ ዲያቆን ስለሆነ የሰማይ ቤቱን ጉዳይ ሁሉ እሷ ታውቀዋለች። ሦስተኛዋ ትሁኔ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ገጠር እየተመላለሰች ነው የምትማረው። ቤቷ አገውኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ስትናደድ ደግሞ በሁለቱም ትሰድበናለች። እግዜር ለሰው ፍርሃት ሲያድል ትሁኔ ከሰልፉ የቀረች ልጅ ነበረች። የእሷን ድርሻ ጨምሮ የሰጠው ለእኔ ነው።

ነገሩን ያመጣችው እሷው ናት። በመስከረም መጨረሻ፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ በጀመርንበት ሰሞን፣ ከክፍላችን ጀርባ ተደርድረን ቆመን ሳለ «ኮሽሙ ደርሷል» አለች። ኮሽም የማያውቅ ካለ፣ እሾሃም ዛፍ ላይ የሚያፈራ፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆን፣ ሲነክሱት ዓይን የሚያስጨፍን ፍሬ ነው። የትሁኔ አጥቢያ ደብር ደን ውስጥ አንድ ኮሽም አለ፤ ቅርንጫፉ ፍሬ ከብዶት መሬት ነክቷል፤ ጦጣ ሳይጨርሰው እንሂድ።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት የት አለ! መምህሩ ሲያስተምሩ እኛ የምናወራው ስለ ኮሽም ነው። ቅዳሜ እንሄዳለን። ለቤተሰብ የምንለው እንጨት ለቀማ ነው። አንጓች ቆሎ ታመጣለች። እኔ ከአባቴ የስፌት መኪና ሥር የወደቀ የአቡጀዲ ቁራጭ ሰብስቤ ሦስት ከረጢት እሰፋለሁ። ትሁኔ መንገድ ትመራለች። የሚያስፈራን ሐይቁ ብቻ ቀረ። ዘንገና መጨረሻ የለውም፣ የሰው ስም ከሰማ ይይዝና በኋላ ይጣራል፣ አቤት ያለ አይመለስም ይባል ነበር።  አንጓች መላ አገኘች፤ እዚያ ስንደርስ በስማችን አንጠራራም። እኔ መርፌ ተባልሁ፣ አንጓች ጸበል፣ ትሁኔ ቆቅ።

በመጨረሻ ትሁኔ አፈር ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ነካችና «የቀረች፣ ሚካኤል ይቅሰፋት!» አለች። እኛም ተከትለን ማልን።  ሚካኤል በሥዕሉ ላይ ሰይፍ ይዞ ያየኝ ይመስለኝ ነበርና፣ በእሱ ስም መማል ለእኔ እንደ ቀልድ አልነበረም።

እሑድ ከእናቴ ጋር ወደዚያው ደብር ሄድን። የእናቴ የነፍስ አባት መምሬ ፈንቴ እዚያ ስለሚያገለግሉ፣ መንገዱ ቢረዝምም አልፎ አልፎ ትሄዳለች። መምሬ ፈንቴ ረጅም፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ቄስ ነበሩ። መስቀላቸውን ስሳለም እንኳ ዓይናቸውን አላይም። የዚያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲቆሙ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። ለካስ ሌሊት አንዱ ደፋር ገብቶ ከደኑ ትልቁን ጥድ በመጥረቢያ ጥሎታል።

«ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ደን ዛፍ የቆረጠ፣ ቅርንጫፍ የሰበረ፣ ቅጠል የበጠሰ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ!» አሉ።

 ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ። እኔ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ጨበጥሁ። ከወዲያ በኩል ከአጎቷ ጋር የመጣችው አንጓች አፏን ይዛ ታየኛለች። ትሁኔ ብቻ የደኑን ዛፎች በዓይኗ ትለቅማለች።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማ፣ አርዮስ ማነው?»

«ከሃዲ ነው። ተወግዞ፣ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ የሞተ።»

«የት አገር?»

እናቴ ደክሟታል፤ በአገጯ ወደፊት አመልክታ «ወዲያ ነው። አሁን ተራመጅ» አለችኝ።

ወዲያ ማለት ለእኔ ጎረቤት አገር አዘና ነበር። ከአዘና ወዲያ አገር ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ አርዮስ የአዘና ገበሬ ሆኖ ቀረ፤ ምናልባት ባለፈው ክረምት፣ ምናልባት ቅጠል በጥሶ የሞተ ሰው።

ይኼ ሳያንሰኝ፣ በሳምንቱ አጋማሽ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት የሐዘን ቀሚስ ሊያሰፉ አባቴ ዘንድ መጡ። ከየት እንደመጡ አባቴ ሲጠይቃቸው፣ ከአዘና አሉ።  የአርዮስ ሚስት! አባቴ ክር ሊያመጣ ገባ ሲል ጠጋ አልሁና በቀስታ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ባልዎን የገደላቸው ሆዳቸው ነው?»

ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አዎ ልጄ፣ ሆዱን ነው። ቆረጠኝ ቆረጠኝ እንዳለ ሳይውል ሳያድር ሄደ። ማን ነገረሽ?»

አባቴ ይኼን ሰምቶ ጆሮዬን ጠምዝዞ አስወጣኝ። የእንግዳ ሐዘን የምትቀሰቅሽ ምን ዓይነት ባለጌ ነሽ ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ጆሮዬ አልተሰማኝም። ነገሩ እውነት ሆኗላ! ሆድ ይቆርጣል፣ ከዚያ ይዘረገፋል፣ ከዚያ ሚስት ጥቁር ቀሚስ ታሰፋለች። እኔ ደግሞ ባል እንኳ የለኝም፤ የሚያለቅስልኝ ማን ነው እያልሁ ዋልሁ።

ዓርብ ዕለት ጓደኞቼን ሰብስቤ የሰማሁትን ነገርኋቸው። አንጓች ወዲያው አለቀሰች። «አንሂድ» አለች። «ያሰበም ይጠየቃል። ማሰባችን ራሱ ሳይዘን አይቀርም።»

«መሐላውስ?» አለች ትሁኔ።

 እውነትም መሐላውስ? ሚካኤልን ብለናል። ብንሄድ ግዝት፣ ብንቀር ሚካኤል። ወደፊትም ሞት፣ ወደኋላም ሞት። ለእናቶቻችን እንዳንነግር ማሰባችንም መማላችንም ይወጣል። እንደዚያ ሰሞን እህል አፌ ላይ መሮኝ አያውቅም። ሦስት ልጆች ነን፤ ከሦስታችን ቀድማ የምትሞተው ማን ትሆን የሚል ነበር ጭንቀቴ።

ትሁኔ ግን እንደ ዳኛ አሰበችበት። «አባ ያሉት የቆረጠ፣ የሰበረ፣ የበጠሰ ነው። የለቀመ አላሉም። መሬት የወደቀውን ለቅመን እንመለሳለን። ግዝቱም ሳይነካን፣ መሐላውም ሳይፈርስ።» እሷ ይኼን ስትል ትንሽ ተነፈስሁ። ብልጥ ልጅ ነበረች፤ ሆዷ ባይቀድማት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሜዳውን ሞልቶት፣ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ እግራችንን እስከ ጉልበት እያራሰው ሄድን። ደኑ ውስጥ ስንገባ ጉሬዛዎቹ ከላይ ያጉረመርማሉ። በዛፎቹ መሀል ቁልቁል ዘንገና ይታያል፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ነፋስ እንኳ የማይነካው። እኔ ወደዚያ ላለማየት አንገቴን አዙሬ ስሄድ ከዛፍ ተላተምሁ። አንጓች ደንግጣ ስሜን ልትጠራ ስትል ትሁኔ አፏን አፈነቻት። ከዚያ ሦስታችንም ቆመን አዳመጥን። ሐይቁ ዝም አለ።

ኮሽሙ ትሁኔ ካለችውም በላይ ነበር። ቢጫው ፍሬ ቅጠሉን ሸፍኖታል፤ ሽታው ከሩቅ ምራቅ ያስውጣል። መሬት የወደቀው ግን ግማሹን ጉንዳን ወርሶታል፣ ግማሹ በስብሷል። እኔና አንጓች በጣታችን ጫፍ እየመረጥን፣ ቅጠል እንዳይነካን እየተጠነቀቅን ስንለቅም ቆየን። ከረጢቱ አይሞላም። ትሁኔ ሰለቻትና ጀርባዋን ግንዱ እሾህ ከሌለው በኩል አስጠጋች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኋት።

«ጀርባዬን በላኝ።»

«ቆቅ! ተይ በሞቴ!»

«መታከክ አልተገዘተም» አለችና ግንዱን በጀርባዋ ገፋ ገፋ አደረገችው። ኮሽሙ እንደ በረዶ ወረደ። ከመሬት እያነሳች እዚያው ትበላ ጀመር። የበሰለውን በላች፣ ያልበሰለውን አረንጓዴውንም ጨው ቢኖር እያለች በላች። እኔ ጥቂት ቀመስሁ። አንጓች አንዱን ልሳ መልሳ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው።

ቀትር አልፎ ስንመለስ ትሁኔ ወደ ኋላ ቀረት አለች። እሷ ወደ ኋላ ስትቀር ደግ አይደለም። ትንሽ ቆይታ ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ቆረጠኝ» አለች።

እግዚኦ! የአዘናዋ ሴት የነገሩኝ ቃል! አንጓች ከረጢቷን ጥላ ወደ ኋላ ሸሸች። እኔ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ትሁኔ በሁለት እጇ ሆዷን ግጥም አድርጋ ይዛ፣ እንዳይዘረገፍባት እየደገፈችው፣ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ፈርታ ያየኋት ያኔ ነው። ፍርሃት ለማታውቅ ልጅ ፍርሃት እንዴት ከባድ ነው! «እናቴ እንዳትሰማ» አለች። «አባ ዘንድ ሂጂ። በግዝት ያሰሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ይፍቱኝ። አንቺ አፍ አለሽ።»

የመምሬ ፈንቴ ግቢ ከመንገዱ ዳር ነው። እንዴት እንደ ገባሁ አላውቅም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የቃጫ ገመድ ይገምዳሉ።

«አባ ይፍቱኝ» አልሁ።

ሁልጊዜ እንደሚሉት፣ ቀና ሳይሉ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ።

«እኔን አይደለም አባ። ትሁኔን ነው። ኮሽም በልታ ልትሞት ነው።»

እጃቸው ቆመ። «የየት ኮሽም?»

«የደኑ።»

ይቆጡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ምንም አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ ገመዱ ከእጃቸው ወድቋል። «እኔ ለመጥረቢያው ሰው እንጂ... ለልጅ አላልሁም» አሉ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለራሳቸው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጌታዬ፣ ምን አፍ ነው ይኼ የሰጠኸኝ!» ጫማቸውን ሳያደርጉ መስቀላቸውን ይዘው ሮጡ። እኔ የባሰ ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ የያዝኋት ተስፋ አባ ይስቁብናል የሚል ነበር። ግዝቱን የተናገሩት ሰው ራሳቸው ከፈሩ፣ ትሁኔ አለቀላት ማለት ነው።

ትሁኔ አጠገብ ሣሩ ላይ ተንበርክከው መስቀሉን ግንባሯ ላይ፣ ሆዷ ላይ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» እያሉ ደጋገሙ። ትሁኔ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አልተፈታሁም አባ። አሁንም ይቆርጠኛል። እኔ ብቻዬን ነኝ የበላሁት፤ ብቻዬን ልሞት ነው።»

መምሬ ፈንቴ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ከዚያ ከረጢቱን አዩ። ሚስታቸው እትዬ ላቀች ጩኸት ሰምተው ከግቢው ወጥተው ነበር። አባ እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከተው አንድ ኮሽም አወጡና አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

«ኧረ አባ! ምን ነክቶዎት ነው!» አሉ እትዬ ላቀች ጭንቅላታቸውን ይዘው። «ነገ ቅዳሴው የእርስዎ አይደለም? ቀትር አልፎ እኮ ነው! አፍርሰውት የለም እንዴ!»

ይኼን እኛም እናውቃለን። እሑድ የሚቀድስ ቄስ ቅዳሜ ቀትር ካለፈ እህል ውኃ አይቀምስም። የቀመሰ መቅደስ አይገባም።

«ሌላ ይቀድስ» አሉ መምሬ ፈንቴ፣ ኮሽሙ ዓይናቸውን እያስጨፈናቸው። ሌላ ደገሙ። «አየሽ ትሁኔ? እኔም በላሁ። እንግዲህ ብቻሽን አይደለሽም። የሚመጣ ካለ በሁለታችን ነው የሚመጣ። አሁን ተንፍሺ።»

ትሁኔ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ሆዷን የያዘው እጇም ላላ አለ። እትዬ ላቀች እየተቆጡ፣ አምላክን እየለመኑ፣ ፌጦ በጥብጠው አጠጧት። ጥቂት ቆይታ አስመለሳት። ከዚያ አባ ራሳቸው አዝለው ወደ ቤቷ ወሰዷት። እኔና አንጓች ከረጢቶቹን ጥለን በሩጫ ቆሰበር ገባን።

ያን ሌሊት እንዴት እንደነጋ አትጠይቁኝ። የቀመስኋቸውን ጥቂት ኮሽሞች እያሰብሁ ሆዴን በአባቴ የአቡጀዲ ቁራጭ ጥፍር አድርጌ አስሬ ነው የተኛሁት። ቢዘረገፍም እንዲይዝልኝ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ወደ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትል እግሯ ላይ ወድቄ ወደ አባ ደብር እንሂድ አልኋት። ሃይማኖተኛነቴ ገርሟት እሺ አለች። ስንደርስ ቅዳሴው ተጀምሯል። ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሌላ ነው፤ ከሌሎቹ ቄሶች ጾመኛ ሆነው የዋሉ አንድ ሽማግሌ ተተክተው ገብተዋል። መምሬ ፈንቴ ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር፣ ከእኛ ከሕዝቡ መሀል ጋቢ ለብሰው ቆመዋል።

ሰው ሁሉ አያቸው። እንዴት አያያቸው! «ቀዳሹ ቄስ ውጭ ሲቆም በደኅና ነው?» አለች አንዷ። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ «ያለ ነገር አይሆንም። ከደጅ የሚያቆም ነገር ቢሠሩ ነው።» የእናቴ ፊት ጠቆረ። አባ ይሰማሉ፤ ጆሯቸው ሥር እኮ ነው የሚወራው። አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ያበቃ ነበር። አልተናገሩም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑም አያዩም። ዓይናቸው ከግቢው በር ላይ ነው።

የእኔም ዓይን እዚያው ነበር። ትሁኔ የለችም። አንጓች መጥታ አጠገቤ ቆመች። ወንጌል ተነበበ። ትሁኔ የለችም። ከዚያ የትሁኔ እናት ብቻቸውን ከበሩ ገቡ።  አባን አየኋቸው፤ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰው እንደሆነ የሚያዩ መሰለኝ።

ሴትዮዋ ዞር ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ትሁኔ ነጠላ ተከናንባ፣ እግሯን እየጎተተች ከበሩ ብቅ አለች።

መቋሚያው ከአባ እጅ ወደቀ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡት፤ ትከሻቸው ይነቃነቃል። ሴቶቹ ሐሜታቸውን ተዉና «አይ አባ! ቅዳሴው ቀርቶባቸው እኮ ነው የሚያለቅሱት» እያሉ አዘኑላቸው።

ትሁኔ መሀላችን ገብታ ቆመች። ፌጦ ፌጦ ትሸታለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንጓች የነጠላዋን ጫፍ ያዘቻት። እንዴት አደርሽ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አባስ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሌሊት ሆዳቸውን አላመማቸውም?»